ሴንት ጆርጅ ወይስ ቦስተን?

ሁለቱም ማራቶኖች ቁልቁል ይወርዳሉ፤ ቦስተን 140 ሜትር ያህል፣ በአሜሪካ ዩታ ግዛት ያለው ሴንት ጆርጅ ግን ወደ 800 ሜትር።

ለእይታ ሴንት ጆርጅን እመርጣለሁ። ሯጮች በኦክቶበር ወር ማለዳ በጨለማ ከተራራው ይነሣሉ፤ ሲነጋ ቀዩ ዐለት ይገለጣል። በመንገዱ ላይ ባለችው ቬዮ መንደር ግን ዳገት አለ፣ ብዙዎችን ያስደነግጣል! ቁልቁለቱም ቢሆን ትንፋሽ ይቆጥባል እንጂ ጭን አይምርም፤ በየእርምጃው ሰውነትን የሚገታው የፊት ጭን ጡንቻ ነውና። በማግስቱ ደረጃ መውረድ ሥቃይ ነው።

ቦስተን መልክዓ ምድሩ ተራ፣ ድጋፉ ግን ሞቅ ያለ ነው። መጀመሪያ ወርዶ ያባብላል፤ ከ32 ኪሎ ሜትር በኋላ ሃርትብሬክ ዳገት ይጠብቃል።

ሴንት ጆርጅን ለቦስተን ማጣሪያ ሰዓት (ቦስተን ለመግባት ለሚጠየቀው ሰዓት) የሚሮጡ ይወቁት፦ ከ2027ቱ (እ.ኤ.አ.) ውድድር ጀምሮ ቦስተን እንዲህ ባለ ቁልቁለት በተገኘ ሰዓት ላይ 5 ደቂቃ ይጨምራል።