በቁጥር የሚቀመም ቀለም፦ ደሴ ከሚገኝ አንድ ቀለም ቤት ያገኘሁት አገልግሎት

መስከረም ከጠባ በኋላ ደሴ የሚገኘውን የወላጆቼን ቤት ሳስቀባ፣ ከአንድ ሱቅ «ክሬም» ብዬ የገዛሁት ቀለም የሳሎኑን አንድ ግድግዳ ከግማሽ በላይ ሸፍኖ አለቀ። ከዚያው ሱቅ በዚያው ስም የመጣው ሁለተኛው ጋሎን ወደ ቢጫ ያደላ ነበር። ቀለም ቀቢው «አብሽር፣ ሲደርቅ ይገጥማል» ብሎኝ ነበር፤ ሲደርቅ ግን ከመስኮቱ በስተቀኝ ሁለቱ ቀለሞች የተገናኙበት መስመር ከጣሪያ እስከ ወለል ቁልጭ ብሎ ታየ። ግድግዳውን እንደገና ለማስቀባት ፒያሳ አካባቢ ወዳለ፣ ቀለምን በስም ሳይሆን በቁጥር ቀላቅሎ ወደሚሸጥ ቤት የሄድኩት በዚህ ምክንያት ነው።

ቤቱ የሚጠቀመው ለእያንዳንዱ ቀለም ባለአራት አሃዝ ቁጥር በሚሰጠው በራል (RAL) ሥርዓት የናሙና ካታሎግ ነው። ይህ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1927 ጀርመን ውስጥ በ40 ቀለማት የተጀመረ ሲሆን፣ ዛሬ ክላሲክ የሚባለው ስብስቡ ከ200 በላይ ቀለማትን ይዟል። ከአራቱ አሃዞች የመጀመሪያው የቀለሙን ወገን ይናገራል፤ 1 ቢጫና የክሬም ዓይነቶችን፣ 3 ቀይን፣ 6 አረንጓዴን፣ 7 ግራጫን፣ 8 ቡኒን፣ 9 ነጭና ጥቁርን ያመለክታል። የቀሩት አሃዞች መለያ እንጂ መለኪያ አይደሉም፤ እኔ የመረጥኩት 1015 ፈዘዝ ያለ የዝሆን ጥርስ ቀለም ሲሆን ጎረቤቱ 1016 ዓይን የሚወጋ ቢጫ ነው። ስለዚህ አንድ አሃዝ መሳሳት ቀላል ስሕተት አይደለም፤ ቁጥሩን በቃል ከመናገር ጽፎ መስጠት ይሻላል።

ባለቤቱን ያመሰገንኩት በጥንቃቄው ነው። ሌላ ደንበኛ በስልክ ያነሳውን ፎቶ አሳይቶ «ይህን ቀላቅልልኝ» ሲለው፣ ስክሪን ቀለምን እንደሚለውጥ በትሕትና አስረድቶ ካታሎጉን ሰጠው። የእኔንም ከቀላቀለ በኋላ በትንሽ እንጨት ላይ ቀብቶ እስኪደርቅ አስጠበቀኝ፤ ከዚያም እንጨቱንና ካታሎጉን ይዘን ከሱቁ መብራት ወደ ደጅ ወጣን። ይህ ትርፍ ድካም አይደለም። ሁለት ቀለሞች ከተለያየ የቀለም ዱቄት ተሠርተው በአንድ መብራት ሥር ፍጹም ሊመሳሰሉ፣ በፀሐይ ብርሃን ደግሞ ሊለያዩ ይችላሉ። የካታሎጉ ናሙና አንጸባራቂ፣ ግድግዳዬ ግን ማት (የማያብረቀርቅ) ስለሚሆን፣ ቁጥሩ አንድ ሆኖ መልኩ ትንሽ እንደሚለይም አስቀድሞ ነገረኝ። የገዛኋቸውን ጋሎኖች ሁሉ ከመቀባቱ በፊት በአንድ ትልቅ ባልዲ እንድናዋህዳቸው የመከረኝም እሱ ነው፤ እንደተባልኩት አድርጌ መጋጠሚያ መስመር የሌለው ግድግዳ አገኘሁ።

የቁጥሩ ዋጋ ይበልጥ የታየኝ ግን በብረቱ ሥራ ነው። የመስኮቶቹን ብረት የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ ኮምቦልቻ አሠራሁና ባለሙያው በራል 8017፣ ማለትም በጥቁር ቸኮሌት ቀለም ቀብቶ አስረከበኝ። የግቢውን በር ደግሞ እዚሁ ደሴ፣ ከዚህ ቤት በገዛሁት 8017 አስቀባሁት። የኮምቦልቻው ባለሙያና የደሴው ቀለም ሻጭ ተያይተው አያውቁም፤ በሩን ከፍቼ ከመስኮቱ ጎን ባቆመው ልዩነት አላየሁበትም።

ቤቱ ሊያርመው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ካታሎጉ በር ላይ፣ የጠዋት ፀሐይ በሚያርፍበት ሚስማር ላይ ተንጠልጥሎ ይውላል። ኮምቦልቻ ያለው ባለሙያ በመሳቢያ ከሚያስቀምጠው ካታሎግ ጋር ሳስተያየው የላይኞቹ ቅጠሎች፣ በተለይም ቀያዮቹና ቢጫዎቹ፣ ደብዝዘው አገኘኋቸው። የደበዘዘ ናሙና ይዞ የሚመርጥ ደንበኛ፣ ማሽኑ ትክክለኛውን ቢቀላቅልለትም እንኳ ያላየውን ቀለም ይዞ ይሄዳል። ይህን ለባለቤቱ ስነግረው ቅር ሳይለው ካታሎጉን ከሚስማሩ አውርዶ ጠረጴዛው ውስጥ ከተተው። እኔም የተረፈኝን ጋሎን ክዳን አምጥቼለት ቁጥሩን፣ የተቀላቀለበትን ቀንና «ማት» የሚለውን በወፍራም እስክሪብቶ ጻፈልኝ።