ሐይቁን በከንቱ ስናማው ነበር፦ ምድር ቤታችሁ እርጥበት ላስቸገራችሁ የሐዋሳ ሰዎች

ሰላም የሐዋሳ ልጆች። አንድ ባለሙያ ላመሰግን ነው የመጣሁት። እግረ መንገዴንም እንደኔ ብራችሁን ቀለም ላይ ከማፍሰሳችሁ በፊት እንድታነቡት ብዬ ነው።

ቤታችን ታቦር ተራራ ሥር ነው። ቦታው ተዳፋት ስለሆነ አባቴ ሲሠራው ከሳሎኑ ሥር አንድ ሰፊ ክፍል አወጣበት። ከፊት በር አለው፣ የኋላ ግድግዳው ግን አፈር ውስጥ ነው። ለተማሪ እናከራየው ነበር። አንድ ቀን ልጁ ፍራሹን ሲያነሳ ሥሩ ሻግቶ አረንጓዴ ሆኗል። በሳምንቱ ለቀቀ፣ አልፈረድኩበትም። እማዬ ባዶውን ከሚቀመጥ ብላ የዓመት በርበሬዋን አስገባችበት። እሱም ሻገተ። ከዛ በኋላ ቤት ውስጥ ሰላም የለም።

የጠየቅነው ሰው ሁሉ «ሐይቁ ነው» ይላል። ለማመን አይከብድም፤ ሐይቃችን ጥቁር ውሃ ይገባበታል እንጂ የሚወጣበት ወንዝ የለውም፣ ሲሞላ ዳሩ ላይ ያለው ሰው ምን እንደሚያይ ሁላችንም እናውቃለን። እናም ከተፈጥሮ ጋር አንታገልም ብለን አንድ ቀለም ቀቢ ጠራን። ጀሶ ሞላ፣ ላዩን በዘይት ቀለም ለቀለቀው፣ «ከእንግዲህ ውሃ አያሳልፍም» አለን። እውነቱን ነው፣ አላሳለፈም። ከኋላው ተጠራቅሞ ቀለሙ እንደተቃጠለ ቆዳ ውሃ ቋጠረ፣ ክረምቱ ሳይጋመስ ሙልጭ ብሎ ወረደ።

ይሄኛውን ሰው ጎረቤት ነው የጠቆመኝ። ሲመጣ መዶሻና አንድ ቁራጭ ፕላስቲክ ብቻ ይዟል። ግድግዳውን እያንኳኳ ድምፁን ሰማ። ግድግዳው ላይ የወጣውን ነጭ ዱቄት በጥፍሩ ፋቅ አድርጎ «ጨው ነው፣ ውሃው ከግንቡ ውስጥ እየለቀመ ያመጣው» አለኝ። ከዛ ፕላስቲኩን ግድግዳው ላይ ዘርግቶ አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር አሸገውና ሄደ። ሥራው ይሄ ብቻ ነው? ብዬ ተናደድኩ። በማግስቱ ፕላስቲኩ ሲነሳ ግን ፊቱ ደረቅ ነው፣ ጀርባው ላይ ውሃ አቅርሯል። ከክፍሉ አየር የመጣ ወዝ ቢሆን ፊቱ ይረጥብ ነበር፤ ጀርባው ከረጠበ በግድግዳው በኩል ነው የሚገባው ማለት ነው።

ከየት? የሚያዝያ ዝናብ ሲጥል ጠብቆ መጣና ጃንጥላ ይዞ ቤቱን ዞረ። የጣሪያው አሸንዳ ቱቦ ያንን ሁሉ ውሃ ልክ የኋላው ግድግዳ እግር ሥር ይተፋዋል። እማዬ ደግሞ ለጎመኗ ብላ አፈሩን ግድግዳው ላይ ከምራዋለች፣ ከተራራው የሚወርደውም እዛው ይተኛል። «እህቴ፣ ሐይቁ እናንተ ጋ ለመድረስ ተራራ መውጣት አለበት» አለኝ። እስከ ዛሬ ስናገረው ያስቀኛል።

መጀመሪያ ያሠራኝ አሸንዳውን ነው፣ ቱቦው ተቀጥሎ ውሃው ከቤቱ ርቆ እንዲፈስ። ለዚህ ከኔ ምንም አልወሰደም፣ ቆርቆሮ ሠሪ ጥሪ ብሎኝ ሄደ። ግንቦት ላይ ከኋላ ቁፋሮ ተጀመረ። ቀን ሠራተኞቹ ባንዴ ሙሉውን ሊከፍቱት ሲሉ ከለከላቸው፤ አፈር የደገፈውን ግንብ ሙሉ ለሙሉ ካራቆትነው ሊንቀሳቀስ ይችላል ብሎ በሦስት ክፍል አስቆፈረው። ግንቡ ታጠበ፣ ተለሰነ፣ ከዛ ውሃ የሚከላከለውን ሲሚንቶ ነክ ቅብ በብሩሽ ሁለት ጊዜ፣ አንዱን በአግድም አንዱን በቁም። ፀሐይ እንዳያሰነጥቀው እርጥብ ጆንያ አለበሰው። ከሥር ከወለሉ ዝቅ ብሎ ቀዳዳ ያለው ቱቦ ጠጠር ውስጥ ተኛ፣ በየሜትሩ አንድ ሳንቲ ያህል እየወረደ ውሃውን ወደ ግቢው ዝቅተኛ ጎን ያወጣል። አፈር እንዳይዘጋው በማጣሪያ ጨርቅ ጠቅልሎታል። ውስጡን ደግሞ የበሰበሰውን ልስን አስፈልፍሎ ግድግዳውና ወለሉ የሚገናኙበትን ጥግ ክብ አድርጎ ሞላው። ቀለም ልቀባ ስል «ቆይ፣ ይድረቅ» አለ። ወራት ጠበቅን።

እንከን የለውም አልልም። ጠዋት አርፍዶ ነው የሚመጣው። ሥራ ላይ እያለ ስልክ አያነሳም። ሠራተኞቹ የእማዬን ሙዝ ሰብረውባታል፣ እሷ ግን ቡና እያፈላችለት «ልጄ» ማለቷን አልተወችም።

ደስ ያለኝ ደግሞ የክፍያው ነገር ነው። የመጨረሻውን ክፍያ «ከነሐሴ ዝናብ በኋላ» አለኝ፣ እሱ ራሱ። ነሐሴ ውስጥ እኔ ሳልደውል ሁለቴ መጥቶ ጥጉን በመዳፉ ዳሰሰ።

ሐይቅ ዳር አካባቢ ያለ ዘመዴንም ልኬለት ነበር። አይቶ ሥራውን አልተቀበለም። እዛ የከርሰ ምድሩ ውሃ ራሱ ከወለሉ ሥር ነው የሚገፋው፣ ቅብ ብቻ አይችለውም፣ የውሃ መሰብሰቢያ ጉድጓድና ፓምፕ ሊያስፈልግ ይችላል፣ ኢንጂነር ይየው ብሎ መለሰው። ብሩን ተቀብሎ ሊቀባለት ይችል ነበር እኮ።

አሁን ጥቅምት ነው። ፕላስቲኩን እኔው ራሴ ለጥፌ አየሁት፣ ጀርባው ደረቅ። ስልኩን አደባባይ እንዳልለጥፍ ለምኖኛል፣ ስለዚህ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ማታ ከ1 ሰዓት በኋላ ብትደውሉ ያነሳል። አሸንዳችሁን ግን ከመደወላችሁ በፊት ወጥታችሁ እዩት።