ልጆቻችሁን ፍሎሪዳ ልትወስዱ ላሰባችሁ፦ የፈረሰ መጫወቻ እየተሸጠላችሁ ነው

ሰሞኑን በዲሲ አካባቢ ባሉ የሐበሻ ቴሌግራም ግሩፖች ውስጥ አንድ ማስታወቂያ እንደገና መዞር ጀምሯል። «የሰመር የቤተሰብ ፓኬጅ፣ ኦርላንዶ፣ ዲዝኒ አኒማል ኪንግደም፣ ሆቴል፣ ትራንስፖርት፣ ወረፋ የለም» ይላል። አኒማል ኪንግደም ኦርላንዶ አጠገብ ያለ፣ እንስሳትም መጫወቻዎችም ያሉበት የዲዝኒ ፓርክ ነው። ከማስታወቂያው ሥር ፎቶዎች አሉ። አንደኛው ላይ ሕፃናት ባለ ሦስት ቀንድ ዳይኖሰር ላይ ተቀምጠው እየዞሩ ይስቃሉ። ያንን ፎቶ በደንብ አውቀዋለሁ፤ አምና ገንዘቤን የሰጠሁት እሱን አይቼ ነው። ያ መጫወቻ ግን የተዘጋው እኔ ከመክፈሌ በፊት፣ በ2025 ጃንዋሪ ነበር። ዘንድሮም ያው ፎቶ ወጥቶ ሲሸጥ ሳይ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

የሻጩን ስም እዚህ አልጽፍም። ዓላማዬ ተመሳሳይ ነገር ከማንም ቢመጣላችሁ ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት እንድትለዩት ነው።

አምና እማዬ ከአዲስ አበባ መጥታ ነበር። ወንዱ ልጄ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ዳይኖሰር ከተባለ እንቅልፍ የለውም። ሴቷ ያኔ ገና ሁለት ዓመቷ ነበር። ባለቤቴ ከሥራው በስንት ልመና አንድ ሳምንት ፈቃድ አገኘና፣ እስቲ እማዬም ትይ፣ ልጆቹም ይደሰቱ ብለን ተነሳን። ሰውየው ጋ ስደውል ኦርላንዶ እንደሚኖር ነገረኝና «አታስቢ እህቴ፣ አንቺ ልጆችሽን ይዘሽ ብቻ ነይ፣ ሌላውን ለእኔ ተይው» አለኝ። ለአምስት ሰው 1,900 ዶላር። የሁለት ቀን ቲኬት፣ ሁለት ሌሊት ሆቴል፣ ከሆቴል ወደ ፓርክ የሚያመላልስ ቫን፣ ከዚያ ላይ «የወረፋ ማለፊያ»። በዜል (ከባንክ ወደ ባንክ በስልክ ገንዘብ መላኪያ) ላኪ አለኝ፣ ላክሁ። ደረሰኝ ስጠይቀው «የላክሽበት ስክሪንሾት ራሱ ደረሰኝ ነው» አለኝ። የአገሬ ሰው ነው ብዬ አመንኩት።

ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነስተን ኦርላንዶ ለመድረስ አሥራ አራት ሰዓት ያህል ነዳን። በማግስቱ ጠዋት በ8 ይመጣል የተባለው ቫን 10:30 ላይ መጣ። ፓርኩ በር ላይ ቲኬታችሁን የምታስነኩበት ክብ ነገር አለ፤ ጣታችሁን ታሳርፋላችሁ፣ አረንጓዴ ከበራ ትገባላችሁ። የእኔ አረንጓዴ በራ። የእማዬም አረንጓዴ። የባለቤቴ ሰማያዊ። እንደገና ሞከረ፣ አሁንም ሰማያዊ። ከኋላችን ሰው ተሰልፏል፣ እማዬ «ምን ሆነ? ምን አጠፋ?» ትለኛለች፣ ልጁ እጄን ይጎትታል። ሠራተኛዋ መጥታ በሚገባ ካየች በኋላ በትሕትና ነገረችን። ቲኬቱ የአራት ቀን ነበር፤ ሁለቱን ቀን ሌላ ሰው ገብቶበታል፤ የተያዘውም አሻራ የዚያ ሰው ነው።

ይሄን ብዙ ሰው አያውቅም፣ እኔም አላውቅም ነበር። የዲዝኒ ቲኬት አንድ ጊዜ ከተገባበት በኋላ ለሌላ ሰው አይተላለፍም። የአራትና የአምስት ቀን ቲኬት ገዝተው ሁለት ቀን ብቻ ተጠቅመው ወደ ቤታቸው የሚሄዱ ሰዎች አሉ፤ የቀረውን ቀን በርካሽ ሰብስበው የሚቸረችሩ ደግሞ አሉ። የተጀመረ የብዙ ቀን ቲኬት መሸጥ በፍሎሪዳ ሕግ ወንጀል ነው። በር ላይ ግን ሕጉ ለእናንተ ምንም አያደርግላችሁም፤ የምትመለሱት ወይም አዲስ የምትገዙት እናንተ ናችሁ። ለባለቤቴ በዚያው ቀን ዋጋ ሌላ ቲኬት ገዛን፣ ከግብሩ ጋር ወደ 150 ዶላር።

ያቺው ሠራተኛ ሕፃኗን አይታ ዕድሜዋን ጠየቀችኝ። ሁለት ስላት «እሷ እኮ ቲኬት አያስፈልጋትም» አለች። ከሦስት ዓመት በታች ያለ ልጅ በነፃ ነው የሚገባው። ሰውየው ግን አምስት ሰው ብሎ ቆጥሮ አስከፍሎኛል። ልጄን አቅፌ የቆምኩበት ቦታ ላይ ነው ልቤ የተሰበረው፤ ተሳስቶ ሳይሆን አውቆ እንዳደረገው የገባኝ እዚያ ነው።

ገባን። መጀመሪያ ወደ ሳፋሪው ሄድን። ለእውነቱ ከሆነ ሳፋሪው ድንቅ ነገር ነው። ኪሊማንጃሮ ሳፋሪስ ይሉታል፤ ቦታው 110 ኤከር ነው፣ በትልቅ ክፍት መኪና ሃያ ደቂቃ ያህል ያዞሯችኋል፣ ቀጭኔው አንዳንዴ መንገዱን ዘግቶ ይቆማል። እማዬ ረጅም ቀንድ ያለው እንስሳ ስታይ ከመቀመጫዋ ብድግ ልትል ደረሰች። «ሳላ! ሳላ እኮ ነው! አዋሽ ያየሁት!» በወጣትነቷ ከመሥሪያ ቤቷ ጋር አዋሽ ፓርክ ሄዳ ነበር። ይሄኛው ቀንዱ ወደ ኋላ የታጠፈ ሌላ የሳላ ዓይነት ነው፣ ግን ደስታዋን ማን ይከለክላታል። ሳፋሪው የሚታየው በጠዋት ነው። ቫኑ አርፍዶ እኩለ ቀን ላይ ስለገባን አብዛኛው እንስሳ ጥላ ፈልጎ ተኝቷል። ኦገስት ላይ የፍሎሪዳን ሙቀት የሚያውቅ ያውቀዋል።

ከዚያ ወደ ዳይኖሰሩ ሰፈር። ልጄ ስልኬን ይዞ ፎቶውን ከፍቶ ነበር። በእንጨት የታጠረ ረጅም አጥር ጋ ደርሰን ቆምን። ስልኩን ወደ አጥሩ አስጠግቶ ይዞ «ማሚ፣ እዚህ ጋ ነው፣ እይ» ይለኛል። ፎቶው ላይ ዳይኖሰሩ አለ፣ ፊት ለፊቱ ሳንቃ ነው። ካጠገባችን የቆመ ሌላ ቤተሰብም ልጁን እንዲሁ ያባብላል። ሌላ የዳይኖሰር ቦታ አለ አሉንና ይዘነው ሄድን። እሱ ግን ጨለማ ውስጥ የሚሮጥ፣ ጩኸት የበዛበት ነው፤ ቁመቱም 40 ኢንች የሞላ ብቻ ይገባል። ገብቶ አባቱ ላይ ተለጥፎ ወጣ። ዛሬ እሱም የለም፤ በ2026 ፌብሩዋሪ መጀመሪያ ላይ ለዘለቄታው ተዘግቷል። ስለዚህ በዚህ ሰመር በዚያ ፎቶ ተስባችሁ የምትሄዱ ሰዎች የምታገኙት እኔ ካገኘሁት ያነሰ ነው።

ስለ ፓርኩ ራሱ ማወቅ የሚገባችሁን ልንገራችሁ፤ ይሄ ሁሉ በአደባባይ የታወቀ ነው፣ ሻጮቹ ናቸው የማይነግሯችሁ። ፓርኩ የተከፈተው በ1998 ነው። 580 ኤከር ገደማ ስለሆነ በስፋት ከዲዝኒ ፓርኮች ሁሉ ትልቁ ነው፣ ነገር ግን አብዛኛው መሬት የእንስሳት ነው፤ ሰው የሚሳፈርባቸው መጫወቻዎች ከሌሎቹ ፓርኮች ያንሳሉ። ሲታቀድ የዘንዶና የሌሎች የተረት እንስሳት ሰፈር እንዲኖረው ታስቦ ነበር፣ ሳይሠራ ቀረ። ፓንዶራ የሚባለው ሰፈር በ2017 ከተከፈተ ወዲህ ይህን የሚያህል ማስፋፊያ አልተጨመረም። በመቀነስ በኩል ግን ብዙ ሄዷል። የዳይኖሰሩ ሰፈር ውስጥ የነበረው የሚሽከረከር ሮለርኮስተር በ2020 ቀረ። ማታ በውሃው ላይ ይታይ የነበረው የመብራት ትርዒትም በዚያው ዓመት ቀረ፤ ፓርኩ ከሌሎቹ ቀድሞ በጊዜ የሚዘጋ በመሆኑ ሰው «የግማሽ ቀን ፓርክ» ይለዋል። ባለ ሦስት ቀንዱ ዳይኖሰር በ2025 መጀመሪያ ሄደ። በትልቁ ዛፍ ሥር የነበረው የነፍሳት (የጉንዳን፣ የጥንዚዛ ዓይነት) ትርዒትም በዚያው ዓመት ማርች ላይ ተዘግቶ ኖቬምበር ላይ በሌላ ተተክቷል። የዳይኖሰሩ ሰፈር በነበረበት 11 ኤከር ላይ ትሮፒካል አሜሪካስ የሚባል አዲስ ሰፈር እየተሠራ ነው፤ ይከፈታል የተባለው በ2027 ነው። እዚያ ውስጥ ለትንንሽ ልጆች የሚሆን፣ በእንስሳት ቅርጽ የተሠራ የሚዞር መጫወቻም ይኖራል። እስከዚያ ድረስ ቁመታቸው 38 ኢንች ያልሞላ ልጆች የሚሳፈሩበት ነገር በጣት የሚቆጠር ነው፦ ሳፋሪው፣ ፓንዶራ ውስጥ ያለው ጀልባ፣ ከዚህ ብዙ የሚያልፍ አይደለም። አምስትና አራት ዓመት ለሆነው ልጃችሁ አንድ ዓመት መታገስ ከቻላችሁ ታገሱ እላለሁ።

የጥገናው ነገርም አለ። ማስታወቂያው ላይ ሁለተኛው ፎቶ የበረዶ ተራራው ሮለርኮስተር ነው፣ ኤክስፔዲሽን ኤቨረስት። ጽሑፉ «ከተራራው ውስጥ ግዙፉ ጭራቅ እጁን ዘርግቶ ይይዛችኋል» ይላል። ሮለርኮስተሩ በ2006 ተከፍቷል፣ ዛሬም ይሠራል፣ ለወደደው ጥሩ ነው፤ 44 ኢንች ቁመት ይጠይቃል። ጭራቁ ግን እጁን አይዘረጋም። ሮለርኮስተሩ በተከፈተ ብዙም ሳይቆይ ግዙፉን አካል በተሸከመው መዋቅር ላይ ችግር ተገኘና እንዳይንቀሳቀስ ተደረገ። ከዚያ ወዲህ ብልጭ ድርግም የሚል መብራት እየተለቀቀበት የሚንቀሳቀስ ያስመስሉታል። ያለበት ቦታ ተራራው መሃል ስለሆነ ለመጠገን ቀላል አይደለም። ሃያ ዓመት ያህል ያልተነቃነቀ ነገር እየተንቀሳቀሰ ነው ብሎ የሚሸጥላችሁ ሰው ሌላውን ቃሉን እንዴት ልታምኑት ነው?

«የወረፋ ማለፊያ» የተባለውም አልነበረም። ላይትኒንግ ሌን የሚባለው የዲዝኒ የወረፋ ማለፊያ የሚገዛው በዲዝኒ አፕ ውስጥ፣ በእናንተው ስም ከተመዘገበው ቲኬት ጋር ተያይዞ ነው። ዋጋው እንደ ቀኑ ይለያያል፤ ከዲዝኒ ሆቴል ውጭ ለሚያድር ሰው ከሦስት ቀን በፊት ጀምሮ ይከፈታል። የፓንዶራው ትልቁ መጫወቻ፣ ፍላይት ኦፍ ፓሴጅ፣ ለብቻው ነው የሚሸጠው። ከአፑ ውጭ በእጅ የሚሰጣችሁ ማለፊያ ካለ ውሸት ነው።

ሰውየውን ከበሩ ላይ ሆኜ ደወልኩለት። «ሲስተም ነው፣ አስተካክላለሁ» አለ። ማታ ስደውል አላነሳም። በሦስተኛው ቀን ብሎክ አደረገኝ። ባንኬ ጋ ስደውል ደግሞ ዜል ራሴ ፈቅጄ የላክሁት ስለሆነ እንደ ጥሬ ገንዘብ ነው፣ መመለስ አንችልም አሉኝ። በክሬዲት ካርድ ከፍዬ ቢሆን ኖሮ ያልተሰጠኝን አገልግሎት መቃወም እችል ነበር፤ ሕጉ የካርዱ ስቴትመንት (የሒሳብ መግለጫው) ከተላከ ጀምሮ 60 ቀን ይሰጣል። ካርድ አልቀበልም ያለ ሻጭ ገንዘባችሁ እንዳይመለስ የሚፈልግ ሻጭ ነው ብላችሁ ያዙ።

ሌላ ቀላል መለያ አለ። ፍሎሪዳ ውስጥ ሆኖ የጉዞ ፓኬጅ የሚሸጥ ሰው በግዛቱ የግብርናና የሸማቾች አገልግሎት መሥሪያ ቤት መመዝገብ አለበት፤ ቁጥሩንም ማስታወቂያው ላይ ማድረግ ይጠበቅበታል። ቁጥሩ በኤስ እና ቲ ፊደላት ይጀምራል። «የምዝገባ ቁጥርህን ላክልኝ» በሉት። መልሱ «እኛ እኮ ወንድምና እህት ነን» ከሆነ በዚያው ተሰናበቱ። ቲኬት ከገዛችሁ ደግሞ ቤታችሁ ሆናችሁ ወደ ዲዝኒ አፕ አስገቡት፤ በስማችሁ ካልገባ፣ ወይም ሌላ ሰው የተጠቀመበት ቀን ካሳየ፣ መንገድ ሳትጀምሩ ታውቁታላችሁ። የሚዘጉትን መጫወቻዎች ፓርኩ ራሱ በካላንደሩ ላይ ያወጣል፣ አምስት ደቂቃ ነው የሚፈጀው። የቲኬቱ ዋጋ የሚወሰነው በምትገቡበት ቀን ነው፤ ግማሹ ሰፈር ታጥሯል ተብሎ አይቀነስላችሁም። መኪና ማቆሚያውም ለብቻው ያስከፍላል፣ እሱንም አስቡበት።

እስካሁን ሦስት ቤተሰቦች በውስጥ መስመር ጽፈውልኛል፤ ሁለቱ ከቨርጂኒያ፣ አንዱ ከአትላንታ። ታሪካችን አንድ ነው፣ ፎቶውም አንድ ነው። ጥቆማችንን ለፍሎሪዳው መሥሪያ ቤትና ለፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በአንድ ላይ ልናስገባ ነው። ከዚህ ዓይነት ሻጭ የገዛችሁ ካላችሁ ማስታወቂያውን፣ የዜል ማረጋገጫውንና የተጻጻፋችሁትን ሳታጠፉ ስክሪንሾት አድርጋችሁ ያዙ፣ ጻፉልኝም። እንግሊዝኛው የሚከብዳችሁ ካላችሁ ቅጹን አብረን እንሞላለን፤ እኔ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጊዜ አለኝ።