ሦስት ቦታ አልሆን ያለውን የሩጫ ጫማዬን ያዳኑልኝ አባት (ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ)

ሰላም የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች። ይህን የምጽፈው የአንድ ሰው ምስጋና ስላለብኝ ነው። ፊት ለፊት ላመሰግናቸው ስሞክር «ተይ ልጄ፣ ሥራዬ እኮ ነው» ብለው ዝም አሰኙኝ። ስሜን አትጻፊ ስላሉኝ ስማቸውን አልጽፍም። ዝም ማለት ግን አልቻልኩም።

በሳምንት ሦስት ቀን ከሥራ በፊት እሮጣለሁ። አብራኝ የምትሮጥ የመሥሪያ ቤት ጓደኛ አለችኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ በታክሲ ቦሩ ሜዳ እንሄድና ከአስፋልቱ ወጥተን በገጠሩ መንገድ እንሮጣለን። ተማሪ እያለሁ ቦሩ ሜዳ ሲባል ትዝ የሚለኝ አፄ ዮሐንስ በ1870 ዓ.ም. ያካሄዱት ጉባኤ ብቻ ነበር። አሁን ትዝ የሚለኝ የባቄላ አበባ ሽታ ነው።

በመስከረም ያንን ሜዳ ላላየ ሰው ምን ብዬ ልንገረው? ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ጉሙ ገና መሬት ላይ እንደተኛ ነው። አደይ አበባው በመንገዱ ግራና ቀኝ ቢጫ ሆኖ ይቆያችኋል። ጤዛው ካልሲ ድረስ ያርሳል። እረኞቹ ጋቢያቸውን ተከናንበው ከበጎቻቸው ኋላ ይሄዳሉ። ልጆቹ ደግሞ ገና ከሩቅ ሲያዩን «በርቺ! በርቺ!» እያሉ አብረውን ይሮጣሉ። አንዳንዶቹ በባዶ እግራቸው ናቸው። ሳያለከልኩ ቀድመውን ያልፋሉ። ሳምንቱን ሙሉ የያዘኝ ጭንቀት እዚያ ሜዳ ላይ ይለቀኛል።

ከመስቀል በኋላ በነበረው ቅዳሜ ግን ሌላ ሆነ። ሌሊቱን ዘንቦ አድሯል። የዋልካ መሬት ምን እንደሚመስል የገጠር ልጅ ያውቀዋል። ቀኝ እግሬ ጭቃው ውስጥ ገባ። ስስበው ጫማው መጣ፣ ሶሉ ግን ጭቃው ውስጥ እንደተያዘ ቀረ። ከጣቴ እስከ መሀል እግሬ ተገንጥሎ ተንጠለጠለ። እኔም ተንሸራትቼ ቦይ ውስጥ ወደቅኩ። ጉልበቴ ተላጠ። ይባስ ብሎ ሁለት ውሾች ከአንድ ግቢ እየጮሁ ወጡብን። ጓደኛዬ ድንጋይ እንደምታነሳ ጎንበስ ስትል ቆሙ። ገጠር ለምትሮጡ ይህቺን ያዙልኝ፤ ከውሻ አትሽሹ፣ ጎንበስ በሉ።

ዓሥር ዓመት የሚሆነው አንድ እረኛ ሮጦ መጣ። ጫማዬን አየው። ምንም ሳይናገር ከጅራፉ ላይ ቃጫ ፈታና ሶሉን ከእግሬ ጋር ሁለት ዙር አሰረልኝ። በዚያ ቃጫ ነው አስፋልት ድረስ የደረስኩት።

ለአንድ ጫማ ይህን ያህል ምን አስጨነቀሽ የሚለኝ ይኖራል። ጫማውን የላከችልኝ እህቴ ናት፣ ከጅዳ። ሰው ቤት ሠርታ ባገኘችው ብር ነው የገዛችው። ልጆች እያለን ከትምህርት ቤት የምንመለሰው ተሽቀዳድመን ነበር፤ ሁልጊዜ የምትቀድመኝ እሷ ናት። ከሄደች ስድስት ዓመት ሆናት። ጫማውን በሰው ስትልክ «የኔንም ሩጪልኝ» ብላኛለች። ያንን ጫማ እንዴት ልጣለው?

ከዚያ በኋላ ያየሁትን አበሳ ባጭሩ ልንገራችሁ። የቦታ ስም አልጠራም። የመጀመሪያው ቦታ ማስቲሽ ቀብተው 250 ብር ተቀበሉኝ። በሁለተኛው ቀን ለቀቀ። ይዤ ስመለስ «ጭቃ ውስጥ ማን ግቢ አለሽ?» ተባልኩ። ለሩጫ ጫማ! ሁለተኛው ቦታ ዘጠኝ ቀን «ነገ ነይ» ሲሉኝ ከረሙ። በመጨረሻ ሲሰጡኝ የአንዱ ጫማ የውስጥ ሶል የለም። ስጠይቅ «እንዲህ ሆኖ ነው የመጣው» አሉ። የእህቴን ጫማ፣ እኔ በእጄ ሰጥቻቸው! መንገድ ላይ እንባዬ መጣ። ሦስተኛው ደግሞ በእግሩ ገፋ አድርጎ «ይሄ ቆሻሻ ነው፣ ጣዪውና አዲስ ግዢ» አለኝ። አዲስም ገዛሁ፣ ኦርጅናል ነው ተብዬ። በሦስተኛው ሳምንት ጎኑ ተተረተረ። ተረከዜም ውሃ ቋጠረ። ሩጫውን ለመተው ወስኜ ነበር።

እኒህን አባት የጠቆመችኝ ሰፈራችን ያለች ቡና የምትሸጥ ሴት ናት። እግዜር ይስጣት። ቧንቧ ውሃ አካባቢ ሰማያዊ ሸራ ወጥረው የሚቀመጡ ጫማ ሰፊ ናቸው። ጫማውን ስሰጣቸው ዋጋ አላወሩም። መጀመሪያ በጀሪካን ውሃ አጠቡት። ከዚያ በወስፌ ጫፍ ከስፌቱ ውስጥ የደረቀውን ጭቃና የድሮውን ማስቲሽ ምስር እንደሚለቅም ሰው አንድ በአንድ አወጡት። ግማሽ ሰዓት የፈጀባቸው ይኸው ብቻ ነው። ክሩን በሰም ሲያሹ አይቻለሁ። ሌላውን ምን እንዳደረጉት አትጠይቁኝ፣ አልገባኝም። የጠፋውንም የውስጥ ሶል በልኩ ቆርጠው አስገቡልኝ።

ያልጠበቅኩት ነገር የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሁለቱን ጫማዎች ገልብጠው ጎን ለጎን አስቀመጡና ዝም ብለው አዩዋቸው። ቀና ብለው «ልጄ፣ ግራ ጉልበትሽን አያምሽም?» አሉኝ።

ደነገጥኩ። ያመኛል። ለጓደኛዬ እንኳን አልነገርኳትም ነበር።

«አባባ፣ በምን አወቁ?» አልኳቸው። በጣታቸው አሳዩኝ። የግራው ተረከዝ በአንድ በኩል ተበልቶ አልቋል፣ የቀኙ ደህና ነው። «አስፋልት ላይ አንዱን ዳር ብቻ ይዘሽ ነው የምትሮጪው። መንገዱ ለውሃው ተብሎ ወደ ዳር ያዘነብላል። አንድ እግርሽ ሁሌ ዝቅ ብሎ ነው የሚያርፈው። የገጠሩን መንገድ ስታገኚ መሀል መሀሉን ሂጂ» አሉኝ። ከዚያ አበበ ቢቂላን አነሱልኝ። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ ሮም ላይ በባዶ እግሩ የሮጠው ለእግሩ የሚመች ጫማ ስላጣ ነው አሉኝ። «የማይመች ጫማ ከባዶ እግር ይብሳል። ይሄ ያንቺ ግን ለእግርሽ የተመቸ ነው፣ እንዳትጥይው።»

«እንዳትጥይው» ሲሉኝ ምን እንደተሰማኝ እናንተው ገምቱ።

ብር ላወጣ ቦርሳዬን ስከፍት እጃቸውን አነሱ። «አሁን አልቀበልም። ሂጂ ሩጪበት። ጭቃ ውስጥ ግቢ። ካልለቀቀ መጥተሽ 150 ብር ትሰጪኛለሽ። ከለቀቀ ግን መልሰሽ አምጪልኝ።» ስልኬን አልጠየቁም፣ ስሜንም አልጠየቁም። «ካልመጣሁስ?» አልኳቸው። «አብሽሪ፣ ትመጫለሽ» አሉና ወደ ሌላ ጫማ ዞሩ። አንዱ ጭቃ ውስጥ ማን ግቢ አለሽ ብሎኝ፣ እኒህ ደግሞ ጭቃ ውስጥ ግቢበት ይሉኛል። ሰው በሥራው እንዲህ ሲተማመን ማየት ያረካል።

በቀጣዩ ቅዳሜ ያንኑ ዋልካ ሄጄ ረገጥኩት። ሆን ብዬ ነው። ጭቃው ያዘኝ፣ ሳብኩት፣ ጫማው ከነሶሉ ወጣ። ጓደኛዬ አጨበጨበች። ያንን እረኛም አገኘነው። ቃጫውን ከሁለት ደብተርና ከእስክርቢቶ ጋር ሰጠሁት። ቃጫውን ተቀብሎ ወዲያው ጅራፉ ላይ ማሰር ጀመረ።

ሦስት ሳምንት ሮጥኩበት። ጉልበቴም መሀል መንገድ መሮጥ ከጀመርኩ ወዲህ ቀለል ብሎኛል። ከዚያ 300 ብር ይዤ ሄድኩ። 150ውን መለሱልኝ። ብለምን ብሠራ እምቢ አሉ። «የተነጋገርነው 150 ነው» አሉኝ።

እባካችሁ የምትሮጡ ሁሉ እኒህን አባት አትለፏቸው። የምትሮጡ ብቻ ሳይሆን የልጆቻችሁን የትምህርት ቤት ጫማ፣ የእናታችሁን ነጠላ ጫማ፣ ያላችሁን ሁሉ ውሰዱላቸው። ኮምቦልቻ ያላችሁም ለጉዳይ ደሴ ስትወጡ ይዛችሁ ኑ። በተለይ ሐረጎን ቁልቁል የምትሮጡ ልጆች እንዳላችሁ ሰምቻለሁ። ከደሴ ኮምቦልቻ ድረስ ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው፣ ጫማ ይጨርሳል፣ ጉልበትም ይጨርሳል። በዚያ ላይ ጠመዝማዛው ላይ የጭነት መኪናው ብዛት ያስፈራኛል። እኔ አልመክርም። ካልተዋችሁ ግን ቢያንስ ጫማችሁን ለእኒህ ሰው አሳዩ። ሶሉን አይተው የሚነግሯችሁ ነገር ይኖራል።

ለእህቴ ጫማውን በቪዲዮ አሳየኋት። ስፌቱን አስጠግተሽ አሳዪኝ አለችኝ። ብዙ ዝም ብላ አየችውና «ስመጣ የኔንም ለእሳቸው ነው የምሰጠው» አለች።

ቦታው ለጠፋችሁ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፣ እመራችኋለሁ። ጠዋት ከ2 ሰዓት ጀምሮ አሉ። አርብ ቀትር ላይ ጁምዓ ስለሚሄዱ አታገኟቸውም፣ ከ9 ሰዓት በኋላ ሂዱ። ጫማችሁን አጥባችሁ ውሰዱላቸው፤ ውሃውን ከሩቅ ነው በጀሪካን የሚያመጡት።