ዊንዶውስ ዲፌንደርን ብቻ ይዤ የከረምኩባቸው ወራት

ለጸረ-ቫይረስ መክፈል ካቆምኩ ዓመት ሊሞላኝ ነው። በእነዚህ ወራት የቤቱንም የሥራውንም ላፕቶፕ የጠበቀልኝ ከዊንዶውስ 11 ጋር አብሮ የሚመጣው ዲፌንደር ብቻ ነው። ፍርዴን ከወዲሁ ልናገር፦ ለአብዛኛው ሰው ይበቃል። ግን እንደመጣ ከተዋችሁት አቅሙን ሁሉ አታገኙትም።

ድሮ የነበረኝ የሚከፈልበት ፕሮግራም ቫይረስ ይይዝ ነበር፤ አልዋሽም። ያስመረረኝ ንዝንዙ ነው። «ፈቃድዎ ሊያልቅ ነው»፣ «ኮምፒውተርዎ አደጋ ላይ ነው»፣ «ይህንንም ቢገዙ»። ሥራ መሀል ስክሪኑን ይሸፍነዋል። ዲፌንደር በአንጻሩ ድምፁን አጥፍቶ ነው የሚሠራው። ለመቀየርም እዳው ገብስ ነው። ሌላ ጸረ-ቫይረስ ሲጫን ገለል ይላል፣ ያኛው ሲራገፍ ደግሞ ራሱ ይነሳል። ሁለቱን አንድ ላይ አስነስቶ «እጥፍ ጥበቃ» ማለት ግን አያዋጣም። አንድን ፋይል ሁለቱም ልመርምር እያሉ ይጋጫሉ፤ ማሽኑም ይንቀራፈፋል።

እውነተኛው ፈተና የመጣው በፍላሽ ነው። ሰነድ ገልብጬ ሰጥቼበት የተመለሰልኝን ፍላሽ ስሰካ፣ ከታች በቀኝ በኩል ስጋት መገኘቱን የሚናገር ማስታወቂያ ብቅ አለ። ፍላሹን ስከፍተው የማውቃቸው ፎልደሮች በየስማቸው ተደርድረዋል። ግን ሁሉም ጥግ ላይ ትንሽ ቀስት አለችባቸው፤ መጠናቸውም ከ2 ኪሎባይት አይበልጥም። የታወቀው የሾርትከት ቫይረስ ነው። እውነተኞቹን ፎልደሮች ይደብቅና በስማቸው ሾርትከት፣ ማለትም ሲጫኑት ሌላ ፋይል የሚያስነሳ አቋራጭ፣ ያስቀምጣል። ፎልደር የከፈታችሁ መስሏችሁ ሁለቴ ስትጫኑ የምታስነሱት ቫይረሱን ነው። ብዙ ጊዜ ፎልደሩንም አብሮ ስለሚከፍትላችሁ ምንም አትጠረጥሩም። ተንኮሉም እዚህ ላይ ነው።

ዲፌንደር ሾርትከቶቹንም ዋናውንም ፋይል ጠራርጎ አነሳ። ፍላሹ ባዶ ሆኖ ቁጭ አለ። ብዙ ሰው ፎርማት አድርጎ ፋይሉን የሚያጣው እዚህ ጋ ደንግጦ ነው። አትቸኩሉ። ፍላሹ ላይ ቀኝ ክሊክ አድርጋችሁ ፕሮፐርቲስ ብትሉ ቦታው እንደተያዘ ታያላችሁ። ጸረ-ቫይረስ ቫይረሱን ያጠፋል እንጂ ቫይረሱ የደበቀውን ፈልጎ አያወጣላችሁም። እኔ ፎልደር ኦፕሽንስ ውስጥ ገብቼ የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ አደረግኩ። የተጠበቁ የሲስተም ፋይሎችን ደብቅ ከሚለውም ላይ ምልክቱን አነሳሁ፤ ፎልደሮቹን የሲስተም ፋይል አስመስሎ ስለሚደብቃቸው የመጀመሪያው ብቻውን አይበቃም። ደብዘዝ ብለው ብቅ አሉ። አዲስ ፎልደር ከፍቼ የውስጣቸውን ወደዚያ አዛወርኩ፣ ከዚያ ምልክቶቹን መለስኩ። አንድም ሰነድ አልጠፋም።

ፍላሹ የመጣበት ኮምፒውተር ግን እስካልጸዳ ድረስ ድካሙ ከንቱ ነው። ይህ ዓይነቱ ቫይረስ ራሱን ኮምፒውተሩ ውስጥ ገልብጦ ዊንዶውስ ሲነሳ አብሮ ይነሳል፤ የተሰካበትን ፍላሽ ሁሉ ይበክላል። ስለዚህ መጀመሪያ ኮምፒውተሩ፣ ቀጥሎ ፍላሹ። ለእንዲህ ያለው ግትር ቫይረስ የዲፌንደርን ኦፍላይን ስካን የሚያህል የለም። ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ያስነሳና ዊንዶውስ ሳይከፈት፣ ቫይረሱም ሳይነቃ ይፈትሻል። 15 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ሳትጀምሩት ሥራችሁን ሴቭ አድርጉ፣ አይጠብቃችሁም።

ኮምፒውተሩን ሙሉ በሙሉ የሚፈትሸው ፉል ስካንስ? አልፎ አልፎ። ሰዓታት ሊወስድ ይችላል፤ በዕድሜ የገፋ ላፕቶፕ ላይ ደግሞ ፋኑን ያስጮኸዋል። ለዘወትሩ ኩዊክ ስካን ይበቃል፤ ቫይረስ መደበቅ የሚወዳቸውን ቦታዎች ቶሎ ይፈትሻል።

አሁን «እንደመጣ አትተዉት» ወዳልኩት። ኮንትሮልድ ፎልደር አክሰስ የሚባል ነገር አለው፤ ፋይል ቆልፈው ገንዘብ ከሚጠይቁት ከራንሰምዌሮች ይከላከላል። የማይታወቅ ፕሮግራም ሰነድና ፎቶ ያሉባቸውን ፎልደሮች እንዳይነካ ይከለክላል። ሲመጣ ግን ተዘግቶ ነው፣ ማብራቱ የእናንተ ሥራ ነው። ጨዋውንም ፕሮግራም አንዳንዴ ስለሚከለክል በእጅ መፍቀድ ይኖርባችኋል። ይህ የሚያሰለቻቸው ሰዎች አሉ፤ እኔ ችየዋለሁ። ያም ሆኖ የሰነዶቼን ቅጂ ከኮምፒውተሩ ተነቅሎ በሚቀመጥ ሃርድ ዲስክ ላይ እይዛለሁ። አንዴ የተቆለፈ ፋይል ዲፌንደር አይከፍተውም፤ ሌላውም ጸረ-ቫይረስ ቢሆን እንደዚያው።

ሌላው የምወደው ማስተካከያ የዲፌንደር ሳይሆን የዊንዶውስ ነው፦ የፋይል ስም ቅጥያ፣ ማለትም ከነጥብ በኋላ መጥቶ የፋይሉን ዓይነት የሚናገረው፣ እንዲታይ ማድረግ። ዊንዶውስ ሲመጣ ቅጥያውን ይደብቃል። «ደረሰኝ ነጥብ ፒዲኤፍ» የሚመስለው ፋይል መጨረሻው ላይ ኢኤክስኢ የሚለው የፕሮግራም ቅጥያ ተደብቆበት ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2000 ዓለምን ያዳረሰው አይ ላቭ ዩ የተባለው ቫይረስ በዚሁ ዘዴ ነው የጽሑፍ ፋይል የመሰለው። ከስንት ዓመት በኋላም ይሠራል!

የማይችለውም አለ። ሐሰተኛ ገጽ ላይ የይለፍ ቃላችሁን በእጃችሁ ከጻፋችሁ ምን ያድርጋችሁ? ክራክ የተደረገ፣ ማለትም ሳይከፈልበት እንዲሠራ መቆለፊያው የተሰበረ፣ ሶፍትዌር ለመጫን ብላችሁ ካጠፋችሁትም እንዲሁ። የክራኩ መመሪያ «መጀመሪያ ጸረ-ቫይረሱን ያጥፉ» ሲል ለምን እንደሆነ አስቡት።

ዊንዶውስ 10 ላይ ላላችሁ ግን ምክሬ ይለያል። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ማይክሮሶፍት የዲፌንደርን የቫይረስ መረጃ እስከ እ.ኤ.አ. 2028 እንደሚያድስ አስታውቋል፤ የዊንዶውሱ ቀዳዳ ግን ለተጨማሪው የደህንነት ማሻሻያ ካልተመዘገባችሁ አይደፈንም። ዋናክራይ የተባለው ራንሰምዌር እ.ኤ.አ. በግንቦት 2017 ሲመታ የገባበትን ቀዳዳ የሚደፍነው ማስተካከያ ከወጣ ሁለት ወር ገደማ ሆኖት ነበር፤ የተመቱት ያልጫኑት ናቸው። ማሽኑ ከቻለ ወደ 11 አሳድጉት፤ ካልቻለ ወይ ተመዝገቡ፣ ወይ የባንክና የሥራ ጉዳያችሁን ከእሱ ላይ አንሱ።