«ላንድሮቨር አይዝግም» ላለኝ ደላላ 150 ሺህ ብር አስረከብኩ

እጅጌዬ ላይ ያለው ሬንጅ ገና አልለቀቀም። የሚለቅም አይመስለኝም። ሸሚዙስ ይቅር፣ የሚያንገበግበኝ ብሬ ነው።

አሮጌ ላንድሮቨር ገዝቼ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እየነካካሁ ነፍስ ልዘራባት ነበር። አባቴ ክፍለ ሀገር ሲሠራ ይነዳት የነበረች ዓይነት፤ ሲሪስ 3፣ አጭሯ፣ አረንጓዴ፣ የ1974 እ.ኤ.አ. ሞዴል። ከተክለሃይማኖት ወረድ ብሎ አንድ ግቢ ውስጥ ተገኘች። ደላላው ያው የምታውቁት ነው። ሁለት ስልክ፣ «ባለቤቱ ውጭ ሊሄድ ነው»፣ «ጠዋት ሌላ ሰው አይቷታል»። ዘፈኑን በቃሌ አውቀዋለሁ። እያወቅኩ ተበላሁ።

ቦዲውን አየሁት፣ ዝገት የሚባል የለም። «ላንድሮቨር አይዝግም ጋሼ፣ አልሙኒየም ነው» አለኝ። እውነቱን እኮ ነው! በ1948 እ.ኤ.አ. መሥራት ሲጀምሩ፣ ከጦርነቱ በኋላ እንግሊዝ ብረት ስላጠራት ቦዲውን በአልሙኒየም ሠሩት። እኔም አንብቤያለሁና እንደ አዋቂ ራሴን ነቀነቅኩለት። መኪናዋን ከሥር የተሸከመው አጥንት፣ ሻንሲው ግን ብረት ነው። ያውም ውስጡ ባዶ፤ ጭቃና ውሃ ገብቶ ከውስጥ የሚበላው። ይህንንም አንብቤ ነበር።

ለዚህም ነው ካርቶን አንጥፌ ከሥር ልገባ የተንበረከክኩት። አንድ ጉልበቴ መሬት ነክቷል። ደላላው ክንዴን ያዘኝ። «ኧረ ጋሼ! በዚህ ነጭ ሸሚዝ? እኔ ልግባልዎት።» ገባ። ከሥር ሆኖ ደበደበው፤ ድም፣ ድም። «ይሰማዎታል? አለት ነው!» ሳቅኩ። ሲወጣ የሱሪዬን አቧራ አራገፈልኝና ማኪያቶ ጋበዘኝ። ማኪያቶው ሳይቀዘቅዝ ውሉን ፈረምኩ፣ ቀብዱን፣ 150 ሺህ ብሩን፣ በሞባይል ላክኩ። ምኑን እንደደበደበ እስካሁን አላውቅም። ጎማውን ይሁን ካምቢዮውን እሱ ያውቃል።

ዛሬ ጠዋት መካኒክ ይዤ ሄድኩ። ትናንት መሆን የነበረበት! ልጁ ከኋላ ጎማው አጠገብ ሻንሲውን በካቻቢቴ ገፋ አደረገው። እስከ እጀታው ሰመጠ። ሲስበው መጀመሪያ ሬንጅ፣ ቀጥሎ የስቱኮ ፍርፋሪ፣ ከዚያ የማዳበሪያ ከረጢት ብጣሽ ተከትሎት መጣ። ከረጢት! ቀዳዳውን ጠቅጥቀውበት፣ በስቱኮ ደፍነው፣ ሬንጅ ቀብተውታል። አላምን ብዬ ራሴ ገባሁ። ትናንት የተሳሳለት ሸሚዝም ዛሬ የሬንጅ ሆነ።

ቀብዴን መልስ አልኩት። ትናንት «ጋሼ» ሲለኝ የዋለው ሰውዬ ከስልኩ ቀና ሳይል፣ «አንተ የሃምሳ ዓመት መኪና ገዝተህ አዲስ ሻንሲ ልትፈልግ ነው?» አለኝ። ጎረምሶቹ ሳቁ። ውሉ ላይ «ባለችበት ሁኔታ አይቼ ወድጄ» ይላል። አይቼ! ሻንሲ ይቀየር ብል ደግሞ ላዩ ላይ የተመታው ቁጥር ከሊብሬው ጋር ይጣላብኛል።

እንግዲህ ካቻቢቴ ያዙ፣ አሮጌ ልብስ ልበሱ፣ ከሥር አዲስ ሬንጅ ካያችሁ ማኪያቶውን ሳትጠጡ ውጡ። መኪናዋ አሁንም እዚያው ግቢ ናት። ካቻቢቴው የበሳውን ግን እስካሁን ደፍነውታል።