ቼንጅሎግ ከሸወደኝ በኋላ የሞከርኳቸው የፓኬጅ ማወዳደሪያዎች

ነገሩ የጀመረው በአንዲት ትንሽዬ አፕዴት ነው። ስሟን አልጠራትም፣ ፋይል አፕሎድ ለማድረግ የምጠቀምባት ላይብረሪ (ሌላ ሰው ጽፎ የለቀቃት ኮድ) አለች፣ የተቀየረችው የመጨረሻዋ ቁጥር ብቻ ናት፣ ቼንጅሎጉም፣ ማለትም ምን እንደተቀየረ የሚነግረው ጽሁፍ፣ «ትንንሽ ማስተካከያዎች» ብሎ ዝም። እኔም አምኜ አስገባኋት። ከዛ ከበድ ያለ ፋይል የሚልኩ ሰዎች መሀል ላይ እየተቆረጠባቸው መጮህ ጀመሩ፣ እኔ ደሞ ኔትወርኩን ስጠረጥር ሰርቨሩን ስጠረጥር የራሴን ኮድ ሳገላብጥ ሁለት ቀን አለቀ። መጨረሻ ላይ ሁለቱን ቨርዥን ጎን ለጎን አድርጌ ሳያቸው ምን ባይ ጥሩ ነው፣ ታይምአውቱ (ከመቁረጡ በፊት የሚጠብቀው ጊዜ) 30000 የነበረው 3000 ሆኗል። አንዲት ዜሮ! የድሮው በቀይ አንድ መስመር፣ ከስሩ አዲሱ በአረንጓዴ አንድ መስመር፣ ለማየት 10 ሰከንድ አልፈጀም።

ከዛ ወዲህ ቼንጅሎግ አነባለሁ ግን አላምነውም፣ ሰውየው ሰራሁ ያለውን ነው የሚነግረኝ እንጂ የሰራውን አይደለም። ስለዚህ ፓኬጁን ራሱን፣ ማለትም ታሽጎ የሚለቀቀውን ኮድ፣ የድሮውን ከአዲሱ ጋር ማወዳደር ለመድኩ፣ በዚህ መሀል የተጠቀምኩባቸውን እቃዎች እንደሚመስለኝ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ኤንፒኤም ዲፍ፣ የጃቫስክሪፕት ፓኬጅ ማውረጃው ኤንፒኤም ውስጥ ያለው ማወዳደሪያ፣ ዲፍ ማለት ያው ልዩነት ነው። ጃቫስክሪፕት የምትሰሩ ከሆነ ሌላ ነገር ኢንስቶል ማድረግ አያስፈልጋችሁም፣ ከኤንፒኤም 7 ጀምሮ አብሮ አለ። ኮማንዱን ጽፋችሁ የፓኬጁን ስም ከአሮጌው ቨርዥን ጋር አንዴ፣ ከአዲሱ ጋር ደሞ አንዴ ትሰጡታላችሁ፣ ራሱ አውርዶ ራሱ ፈትቶ ልዩነቱን ይዘረግፍላችኋል። በጣም የወደድኩለት ደሞ የሚያወዳድረው ጊት ሪፖው (ሰሪዎቹ ኮዱን የሚያስቀምጡበት ቦታ) ላይ ያለውን ሳይሆን በትክክል የተለቀቀውን ፓኬጅ መሆኑ ነው። ይሄ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ፣ ሪፖ ላይ ያለውና እናንተ ማሽን ላይ የሚገባው አንድ ላይሆን ይችላል፣ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ችግሩ ሚኒፋይ የተደረገ፣ ማለትም ቦታ እንዳይፈጅ የተጨመቀ፣ ፋይል ሲመጣ ነው። ፋይሉ በሙሉ አንድ መስመር ስለሆነ አንዲት ፊደል ብትቀየርም ያ ሁሉ ነገር በቀይ ይመጣና እንደገና ያው ሁሉ በአረንጓዴ ይመጣል፣ ስክሮል ስታደርጉ ትውላላችሁ። መጀመሪያ የፋይል ስም ብቻ እንዲያሳያችሁ ጠይቁት፣ ዳሽ ዳሽ ዲፍ ኔም ኦንሊ ነው፣ ከዛ የፈለጋችሁትን ፋይል ለይታችሁ ክፈቱ። ሌላው የሚያሳየው ያንን አንድ ፓኬጅ ብቻ ነው፣ ፓኬጁ ወደሚጠራቸው ሌሎች ፓኬጆች አይወርድም። በ 2018 ኢቨንት ስትሪም የሚባለው የኤንፒኤም ፓኬጅ ላይ የሆነውን የሚያስታውስ ያስታውሳል፣ ቨርዥን 3.3.6 ላይ አዲስ ዲፔንደንሲ (ፓኬጁ የሚጠራው ሌላ ፓኬጅ) ተጨመረ፣ ቢትኮይን ለመስረቅ የተሰራው ኮድ ያለው እዛች የተጨመረችው ውስጥ ነው። ዲፉ የሚያሳያችሁ ፓኬጅ ጄሰን ላይ፣ ዲፔንደንሲዎቹ የሚዘረዘሩበት ፋይል ላይ፣ ስሟ መግባቱን እንጂ የሷን ኮድ አልነበረም። ስለዚህ እኔ ከሁሉም በፊት እሱን ፋይል ነው የማየው፣ አዲስ ስም ካለ ቆም እላለሁ፣ ኢንስቶል ሲደረግ በራሱ የሚሮጥ ስክሪፕት ከተጨመረ ደሞ ቁጭ ብዬ አነባለሁ።

ዴቢያንና ኡቡንቱ የሚባሉት ሊኑክሶች ላይ ደሞ ዴብዲፍ አለ፣ ዴቭስክሪፕትስ የሚለው ፓኬጅ ውስጥ ታገኙታላችሁ። ፈጣን ነው፣ የትኛው ፋይል ተጨመረ የትኛው ጠፋ፣ ዲፔንደንሲው ላይ ምን ተቀየረ፣ ቁጭ አርጎ ይነግራችኋል። ግን ልብ በሉ፣ እኔ እዚህ ላይ ተሸውጄበታለሁ፣ የፋይሎቹ ዝርዝር አንድ ነው የሚል መልስ ሲሰጠኝ ምንም አልተቀየረም ማለት መስሎኝ ነበር። አይደለም እኮ! ሁለት የተገነቡ ፓኬጆች ስትሰጡት የሚያየው የፋይሎቹን ስም ነው እንጂ ውስጣቸውን አይከፍትም። ስሙ ሳይቀየር ሆዱ ሙሉ ለሙሉ የተቀየረ ፋይል ዝም ብሎ ያልፋል። ውስጡን ማየት ከፈለጋችሁ የሶርሱን (ሳይገነባ ያለውን ኮድ) ዲኤስሲ ፋይሎች ስጡት፣ ያኔ እውነተኛ ዲፍ ያወጣል። የድሮው ቨርዥን ከጠፋባችሁ ደሞ የዴቢያን ስናፕሾት ማከማቻ ላይ ፈልጉ፣ እኔን ብዙ ጊዜ አድኖኛል።

አሁን ወደ ዲፎስኮፕ። እውነት ለመናገር ይሄን ሁሉ የምጽፈው ስለሱ ለማውራት ብዬ ነው።

ዲፎስኮፕን የሰሩት የሪፕሮዱሲብል ቢልድስ ፕሮጀክት ሰዎች ናቸው፣ ከአንድ ሶርስ ሁለቴ የተገነባ ፓኬጅ በየባይቱ አንድ ካልሆነ ለምን እንዳልሆነ ለማወቅ። ሁለት ነገር ትሰጡታላችሁ፣ የሊኑክስ ፓኬጅ (ዴብ ወይ አርፒኤም) ይሁን የጃቫ ጃር ይሁን የአንድሮይድ አፕ ይሁን ግድ የለውም፣ ይፈታዋል፣ ውስጡ ሌላ የታሸገ ነገር ካገኘ እሱንም ይፈታዋል፣ እንደ ሽንኩርት እየላጠ መጨረሻ ድረስ ይወርዳል። ባይነሪ፣ ማለትም ማሽን ብቻ የሚያነበው ፋይል፣ ሲያገኝ ሌሎቹ «ይለያያሉ» ብለው ጥለውህ ሲሄዱ እሱ ሪድኤልፍና ኦብጅደምፕ በሚባሉ ፕሮግራሞች በኩል ሰው ሊያነበው ወደሚችል ጽሁፍ ቀይሮ ያወዳድራል። የፋይል ስም ቢቀየር እንኳ ይዘቱ ከተመሳሰለ ያገናኛቸዋል፣ አንዱን ጠፋ ሌላውን ተጨመረ ብሎ አያደናግርም። የፓይተኑ ፓኬጅ ማውረጃ ፒፕ የራሱ የዲፍ ኮማንድ ስለሌለው የፓይተን ፓኬጅም በዲፎስኮፕ ነው የማየው፣ ፓኬጁ የሚታሸግባቸውን ሁለቱን ዊል ፋይሎች አወርድና እሰጠዋለሁ፣ ዊል ያው ዚፕ ስለሆነ ገብቶ ያየዋል።

ግን ከባድ ነው። ትልቅ ፓኬጅ ሰጥታችሁት ስራችሁን ስሩ፣ አትጠብቁት። ከነሙሉ አጃቢዎቹ ኢንስቶል ስታደርጉት ደሞ የሚጎትተው ፓኬጅ ብዛት ያስደነግጣል፣ ለእያንዳንዱ የፋይል አይነት የሚያግዘው ሌላ ፕሮግራም ስለሚፈልግ ነው። ዴቢያን ላይ ዲፎስኮፕ ሚኒማል የሚባል ቀለል ያለ አለ፣ ለኔ እሱ በቂ ነው፣ የጎደለው ፕሮግራም ካለ ራሱ ይናገራል፣ እስከዛው በሄክስ፣ ማለትም ባይቶቹን በቁጥር፣ ያሳያል። ሌላው የሰዓት ነገር ነው፣ እውነተኛ ለውጥ የመሰለው ልዩነት ብዙው ታይምስታምፕ፣ ማለትም ፋይሉ ላይ የተጻፈ ሰዓት፣ ሆኖ ይገኛል፣ ዋናዋን መስመር ከዛ ሁሉ ገለባ ውስጥ መልቀም የናንተ ስራ ነው። ለዚህ ኤችቲኤምኤል ሪፖርት አስወጥቼ ብሮውዘር ላይ ባየው ይቀለኛል፣ ተርሚናል ላይ አይን ያደክማል።

ይሄ ሁሉ መላጥ ምን ይጠቅማል ለሚል፣ ኤክስዚ የሚባለው የፋይል መጭመቂያ ጉዳይ ትዝ ይበላችሁ። በማርች 2024 አንድሬስ ፍሮይንድ የሚባል ፕሮግራመር የኤስኤስኤች (ከርቀት ወደ ሰርቨር መግቢያ) ሎጊን በግማሽ ሰከንድ ያህል ዘገየብኝ ብሎ ሲቆፍር ነው የኤክስዚ 5.6.0 እና 5.6.1 ውስጥ የተቀበረውን ባክዶር፣ ማለትም ድብቅ መግቢያ፣ ያገኘው። ባክዶሩን የሚያስነሳው ስክሪፕት ጊት ሪፖው ላይ አልነበረም፣ የተለቀቀው ታርቦል (የታሸገው የሶርስ ፋይል) ውስጥ ብቻ ነበር፣ ቅድም እመለስበታለሁ ያልኳችሁ ይሄን ነው። ሪፖውን ብቻ የሚያይ ሰው ያንን ፋይል አያገኘውም። የቀረው የባክዶሩ ክፍል ደሞ ለቴስት የተቀመጠ የተበላሸ ፋይል መስሎ ሪፖው ላይ በግልጽ ተቀምጦ ነበር። እኔ ያኔ የድሮውንና የአዲሱን ታርቦል በዲፎስኮፕ ባያቸው አገኘው ነበር ወይ? አይመስለኝም። ኮንፊገር የሚባለው በማሽን የተጻፈ ፋይል በየሪሊዙ ብዙ መስመር ይቀየራል፣ እሱ ሁሉ መሀል ያቺን ስክሪፕት የያዘች አንዲት ኤም4 ፋይል ማን ያያል። ግን ታርቦሉን ከሪፖው ታግ (እዛው ቨርዥን ተብሎ ምልክት ከተደረገበት ኮድ) ጋር ባወዳድር፣ በማሽን የተጻፉትን ደሞ ከዝርዝሩ ባስወጣ፣ የምትቀረው ትንሽ ስለሆነች ምናልባት አገኘው ነበር። አሁን አስፈላጊ የምላቸውን እንደዛ ነው የማየው፣ ዳሽ ዳሽ ኤክስክሉድ የሚለውን ደጋግሜ እየጨመርኩ።

ለቀላል ነገር ግን ሁሌ ዲፎስኮፕ አልጠራም፣ ሁለቱን ፎልደር ፈትቼ ጊት ዲፍ ዳሽ ዳሽ ኖ ኢንዴክስ እላለሁ፣ ሪፖ ባይሆንም ይሰራል፣ ቀለሙም ያምራል። ከ 1974 ጀምሮ ያለው አሮጌው ዲፍም አላረጀም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ዲፎስኮፕ ሁለቱ ነገሮች አንድ ከሆኑ ምንም አይጽፍም፣ ዝም ብሎ 0 መልሶ ይወጣል። እኔ መጀመሪያ ቀን ተበላሸ ብዬ ሶስቴ ደግሜ አሮጥኩት፣ ከዛ ሳየው ለካ አንዱን ፋይል ሁለቴ ነው የሰጠሁት።